የደረቅ ነፋስ ወራትና የቆዳ አጠባበቅ

ከደጋ ወደ ቈላ ተዛውሮ የሚሄድ የመንግሥት ሠራተኛ፥ ሥራውን ከመልመዱ በፊት አየሩን መልመድ ይኖርበታል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዋሽና በሚሌ በኩል ወደ ሰመራ፥ ወይም በጅጅጋ በኩል ወደ ጎዴ የወረደ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ከንፈሩ ይሰነጠቃል፤ የእጁ ጀርባ ነጣ ነጣ ይላል፤ ታጥቦ ሲነሣ የፊቱ ቆዳ ይወጠርበታል፤ ተረከዙም ሻክሮ ሌሊት የአንሶላውን ክር ይስባል። ይህ ሁሉ ሲደርስበት ጥፋቱን የሚጥለው በፀሓይ ላይ ብቻ ነው። የፀሓይ በደል ቀላል አይደለም፤ ስለ እርስዋም ወደ ኋላ እንናገራለን። ነገር ግን ቆዳን ከሁሉ አስቀድመው የሚያደርቁት የአየሩ ድርቀትና የማያቋርጠው ነፋስ መሆናቸውን ብዙ ሰው አያስተውልም።

ቋንጣ የምትሰቅል የቤት እመቤት ይህን ነገር ከማንም አስቀድማ ታውቀዋለች። ሥጋውን ዘልዝላ የምትሰቅለው ፀሓይ በሚያቃጥለው ሜዳ ላይ ሳይሆን ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ ነው፤ ጥቂት ቀንም ሳይቆይ ሥጋው ደርቆ ይንኮሻኮሻል። በሰውነታችን ላይ የሚሆነውም ከዚህ የራቀ አይደለም። ከቆዳችን ላይ ሌሊትና ቀን፥ ላብ ሳይመስል፥ ለዐይን የማይታይ እርጥበት በእንፋሎት መልክ ይወጣል። አየሩ ጸጥ ያለ እንደሆነ ይህ እርጥበት በቆዳው አጠገብ እንደ ስስ ነጠላ ተጠግቶ ይቆያል። ነፋስ ሲነሣ ግን ነጠላውን ገፎ ይወስድና በፈንታው ደረቅ አየር ያመጣል፤ ደረቁም አየር እንደገና ከቆዳው ይጠጣል። ነፋሱ ትኩስ ሲሆን የሚጠጣው እርጥበት የዚያኑ ያህል ይበዛል። በጅቡቲ በበጋቸው ወራት፥ ማለት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ፥ ኻምሲን የሚባል አሸዋ የቀላቀለ ትኩስ ነፋስ ይነፍሳል። በዚያ መንገድ የጭነት መኪና የሚነዳ ሾፌር መስኮቱን ከፍቶ ክንዱን ያወጣ እንደሆነ ላቡ ገና ሳይታይ ይደርቃል፤ ላብ ስላላየም ውሃ እየጐደለው መሆኑን አያውቅም።

አሁን ስለ ራሱ ስለ ቆዳው ጥቂት እንበል። ከውጭ ያለው የመጨረሻው የቆዳ ሽፋን፥ ከመዳፍና ከእግር መርገጫ በቀር በአብዛኛው የሰውነት ክፍል ከ0.01 እስከ 0.02 ሚሊሜትር ብቻ የሚወፍር ነው። ከወረቀት እንኳ ይሳሳል። ሐኪሞች ይህን ሽፋን በጡብና በጭቃ ከተሠራ ግንብ ጋር ያመሳስሉታል። ጡቦቹ ሥራቸውን ጨርሰው የደረቁ ጠፍጣፋ ሕዋሳት ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ጭቃ ደግሞ ሰውነት ራሱ የሚያዘጋጀው ስብ ነው። ግንቡ ደኅና በሆነ ጊዜ ውስጡ ያለው ውሃ በቀላሉ አይወጣም፤ ውጭ ያለው ቆሻሻና ተሕዋስያንም በቀላሉ አይገቡም። ጭቃው ሲታጠብና ሲሟጠጥ ጡቦቹ ይላቀቃሉ፤ በዐይን የምናየው ቅርፊትና ንቃቃት ይኸው ነው። ግንቡ ግን የሞተ ግንብ አይደለም። በጤነኛ ሰው ሰውነት ከሥር እየታደሰ በአራት ሳምንት ገደማ ይለወጣል። ስለዚህ የተጐዳ ቆዳ ይጠገናል፤ ዳሩ ግን በአንድ ሌሊት አይደለም፤ ሁለት ቀን ተቀብቶ «አልበጀኝም» ብሎ መተው ከንቱ ነው።

አማርኛችን ለዚህ ነገር አንድ ጥሩ ቃል አለው፤ «ወዝ» ይባላል። ወዝ ማለት የጤነኛ ቆዳ ልስላሴና ማብረቅረቅ ነው፤ ፊቱ ያማረበትን ሰው «ወዝ አለው» ወይም «ወዛም ነው» እንለዋለን። ይኸው ቃል በሥራ ምክንያት ከሰውነት ለሚወጣውም ላብ ይነገራል፤ በጕልበቱ ሠርቶ የሚያድር ሰው «ወዝ አደር» መባሉ ከዚህ የተነሣ ነው። የወዛም ተቃራኒ «አመዳም» ነው፤ ቆዳው አመድ የተነፋበት መስሎ የነጣ ማለት ነው። ቋንቋውን በመማር ላይ ያሉ አንባብያን ግን ሁለተኛውን ቃል በሰው ላይ ለመናገር እንዳይቸኩሉ እንመክራለን፤ ስድብ ሆኖ የሚሰማበት ጊዜ ብዙ ነውና።

ከወዝ ጋር የተያያዘ አንድ የቆየ ስሕተት አለ። ወዝ ሲታይ ቅባት ስለሚመስል፥ ለደረቀ ቆዳ የጐደለው ቅባት ነው ብሎ ማሰብ የተለመደ ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ሲሆኑ፥ በ1952 ዓ.ም. አርቪን ብላንክ የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪ ይህን አሳብ የሚያፈርስ ምርመራ አሳተሙ። ከእግር መርገጫ የተቈረጠ ጠጣር ቆዳ አድርቀው እንደ ገል የሚሰበር ካደረጉት በኋላ በቅባት ውስጥ ቢዘፈዝፉት ደረቅ እንደ ሆነ ቀረ። በውሃ ያረሰረሱት ቆዳ ግን ለስልሶ ተጣጠፈ። እንግዲህ ቆዳን የሚያለሰልሰው ውሃ ነው። የቅባት ሥራው ያ ውሃ እንዳይበንን ክዳን ሆኖ መጠበቅ ነው።

ይህ ነገር ለአገራችን ሰው እንግዳ ሊሆንበት አይገባም ነበር። የአልጋ ጠፍር የሚያበጅ ሰው የደረቀውን ጠፍር በውሃ ይዘፈዝፈዋል እንጂ ቅቤ ቀብቶ ሊያጥፈው አይሞክርም። ከመሶብ ውጭ አድሮ ጠርዙ የተሰነጠቀ እንጀራም ዘይት ቢፈስበት አይለሰልስም፤ ውሃ ርከፍከፍ ተደርጎበት ሲከደን ግን ይመለሳል። በገዛ ቆዳችን ላይ ሲሆን ግን ሥራውን ገልብጠን እንሠራለን። ቀኑን ሙሉ ነፋስ ያደረቀውን እጅና እግር በደረቁ ቅባት እንለቀልቀዋለን፤ ቆዳው ለጊዜው ያብለጨልጫል፤ ከሥሩ ግን እንደ ደረቀ ነው።

ስለዚህ ተራው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ገላን ለብ ባለ ውሃ መታጠብ፥ ወይም እጅና እግርን ብቻ ለጥቂት ደቂቃ በውሃ ማቆየት ነው። ቀጥሎ በፎጣ መጠጥ መጠጥ ማድረግ ነው፤ ማሸት አያስፈልግም፤ ቆዳው ጥቂት እርጥበት ይዞ መቅረት አለበት። ከዚያም ጊዜ ሳያሳልፉ፥ በሦስት ደቂቃ ያህል ውስጥ፥ ቅባቱን በስሱ መቀባት ነው። ከመታጠቢያ ወጥቶ ልብስ ለብሶ፥ ቡና ጠጥቶ፥ ከዚያ በኋላ ቅባት መፈለግ የተገኘውን ውሃ ለነፋስ መስጠት ነው። ውሃ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ባልዲ ሙሉ ውሃ አያስፈልግም፤ የረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ፊትንና እጅን ያርሳል፤ ቅባቱም ወዲያው ይከተላል።

ከቅባት የትኛው ይሻላል የሚል ጥያቄ ይነሣል። የአባቶቻችን ቅባት ቅቤ ነው። በአፋር ሴቶችም ወንዶችም ጠጕራቸውን በቅቤ ያሳምራሉ፤ በደቡብ ኦሞ የሐመር ሴቶች ቅቤን ከቀይ አፈር ጋር ለውሰው ጠጕራቸውንና ገላቸውን ይቀባሉ። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት የሚቈጥር ሰው የዚያን አገር ነፋስ አያውቀውም እንላለን። ቅቤ አብዛኛው ስብ ሆኖ ጥቂት ውሃም ስላለበት፥ ለጤናማ ቆዳ የሚናቅ ቅባት አይደለም። ጕድለቱ በሙቀት ቶሎ መቅለጡና መሽተቱ፥ ዝንብንም መጥራቱ ነው። በተሰነጠቀና በደማ ቆዳ ላይ ግን ያልነጠረ ቅቤ ማድረግ አይገባም፤ ከወተቱና ከዕቃው የመጡ ተሕዋስያን በቍስሉ ይገባሉ።

ቫዝሊን ወይም ነጭ ቅባት የምንለው፥ ሮበርት ቼዝብሮ የተባለ አሜሪካዊ በ1872 ዓ.ም. የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ከነዳጅ ዘይት የሚጣራ ነገር ነው። ሽታ የለውም፤ በቶሎ አይበላሽም፤ ዋጋውም ብዙ አይደለም። ውሃ በማገድ ረገድ እርሱን የሚወዳደር ቅባት ጥቂት ነው። በጕድለቱ አንጻር ልብስ ያበላሻል፤ በአሸዋማ ነፋስም ጊዜ በብዛት ተቀብቶ የወጣ ሰው አቧራውን ሁሉ ይሰበስባል። ስለዚህ ማታ ወፈር፥ ቀን ሳሳ አድርጎ መቀባት ይሻላል። ከምግብ ዘይቶች መካከል ሁሉም አንድ አይደሉም። በእንግሊዝ አገር በሸፊልድ ዩኒቨርሲቲ የተደረገና በ2013 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፥ የወይራ ዘይት የቆዳውን ግንብ እንደሚያላላ፥ የሱፍ አበባ ዘይት ግን እንደማይጐዳው አሳይቷል። ይህም በተለይ ልጆቻቸውን በዘይት ለሚያሹ እናቶች የሚጠቅም ዕውቀት ነው።

ግሊሰሪን በመድኀኒት ቤት ሁሉ የሚገኝ ሲሆን ጠባዩ ከቅባት የተለየ ነው። እርሱ ውሃን ወደ ራሱ የሚስብ ነገር ነው። በደረቅ አየር ውስጥ ሳይበጠበጥ ብቻውን የተቀባ እንደሆነ፥ ከአየሩ የሚስበው ውሃ ስለማያገኝ ከቆዳው ከራሱ መሳብ ይጀምራል፤ የሚያቃጥልበትም ሰው አለ። በውሃ አቅጥኖ ወይም በረጠበ ቆዳ ላይ ቀብቶ ከላዩ ቫዝሊን ሲጨመርበት ግን እጅግ ጥሩ ረዳት ነው።

ቅባት ጨምሮ ሳሙናን ዝም ማለት ደግሞ በተበሳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው። ጤነኛ ቆዳ ጥቂት የኮመጠጠ ነው፤ በኬሚስቶች መለኪያ ከ4.5 እስከ 5.5 ገደማ ይሆናል። ተራ ሳሙና ግን 9 ወይም 10 ይደርሳል፤ ስለዚህ ከእድፉ ጋር ጭቃውንም ከግንቡ ላይ ያጥባል። የልብስ ሳሙና ለገላ፥ በረኪናና የዱቄት ሳሙናም ያለ ጓንት ለእጅ አይስማሙም። በደረቅ ወራት ሳሙና በብብት፥ በብሽሽት፥ በእግርና በቆሸሸ እጅ ላይ ቢወሰን ለቀረው ገላ ውሃው ይበቃዋል። ትኩስ ውሃም እንደ ሳሙናው ስብ ያሟጥጣል፤ በቈላ ቀርቶ በደጋም ቢሆን የሚያቃጥል ውሃ ደስታው ለጥቂት ጊዜ፥ ማሳከኩ ለሌሊቱ ሁሉ ነው። የሶማሌ ሴቶች ለፊታቸው ቀሲል የሚባል ዱቄት ይጠቀማሉ። ይህም የቍርቍራ ዘመድ ከሆነ ዛፍ ቅጠል ደርቆና ተፈጭቶ የሚገኝ፥ በውሃ ሲለወስ እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣ ነው። ፊት ላይ ተለጥፎ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ሳይቆይ ታጥቦ፥ ወዲያው ዘይት ቢከተለው እንደሚሻል የእኛ አስተያየት ነው፤ የደረቀ ለጥፍ ሲላቀቅ ቆዳን ይጐትታልና።

ስለ ፀሓይ እንናገራለን ብለን ነበር። ጥቍር ቆዳ በውስጡ ያለው ቀለም ከፀሓይ ቃጠሎ በብዙ ይጠብቀዋል፤ ከድርቀት ግን አይጠብቀውም። «እኛን ፀሓይ ምን ያደርገናል» የሚል ሰው ሁለቱን ነገሮች ቀላቅሏል። ደግሞም የፀሓይዋ ኀይል በሙቀት አይለካም። ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የሚያቃጥለው የማይታይ ጨረር ከመቶ 10 እጅ ያህል ስለሚጨምር፥ አየሩ ቀዝቃዛ በሆነበት ደጋ ላይ የሚቀመጥ ሰው በቀዝቃዛው ነፋስ ተታሎ ብዙ ይቃጠላል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስቡን ከትውልዳቸው ቆዳቸው ቀለም የሌለው፥ አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ናቸው። ለእነርሱ ፀሓይ የቆዳ ካንሰርን የምታመጣ ጠላት ናት። እንዲህ ያለ ልጅ በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ በረፋዱ ፀሓይ ባዶ ራሱን እንዲቆም ማድረግ ጭካኔ ነው፤ ሰፊ ባርኔጣ፥ ረዥም እጅጌና በየሁለት ሰዓቱ የሚታደስ የፀሓይ መከላከያ ቅባት ያስፈልገዋል። የአስተዳደር ሥራ በእጃቸው ያለ አንባብያን ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

ለቀረነው ሰዎች ዋናው መከላከያ ልብስ ነው። የቈላ ሰዎች ሰፊና ረዥም ልብስ ለብሰው ራሳቸውን በሻሽ መጠቅለላቸው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ነፋሱ ቆዳውን በቀጥታ እንዳያገኘው ነው። አጭር እጅጌ ሸሚዝ ለብሶ በነፋስ መሐል የሚውል ሠራተኛ የቀዘቀዘው ይመስለዋል እንጂ እየደረቀ ነው። ውሃ መጠጣትም የግድ ነው፤ በበረሃ የሚሠራ ሰው በአንድ ሰዓት አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ላብ ሊያወጣ ይችላል። ይሁን እንጂ የተጠጣው ውሃ ደምን ያድናል እንጂ የተሰነጠቀውን የውጭ ሽፋን ብቻውን አይጠግነውም። ጥማቱን ያረካ ሰውም መቀባቱን መተው የለበትም።

ከንፈር የራሱ የሆነ ስብ የለውም ለማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ቀድሞ ይሰነጠቃል። የደረቀ ከንፈርን በምላስ ማራስ ሁሉም የሚያደርገው ክፉ ልማድ ነው፤ ምራቁ ሲተን ከንፈሩን የባሰ ያደርቀዋል። ቅርፊቱንም በጥርስ መንቀል ቍስል ያመጣል። ጥቂት ቫዝሊን በቀን ብዙ ጊዜ መቀባት ይበቃል።

ተረከዝ ግን ሰፋ ያለ ነገር ይፈልጋል፤ በዚህ ጉዳይ የሚደርሰው ጕዳት ከመልክ ያለፈ ነውና። እግርን ሩብ ሰዓት ያህል በለብ ያለ ውሃ ዘፍዝፎ፥ የለሰለሰውን ጠጣር ቆዳ ብቻ በሻካራ ድንጋይ ቀስ ብሎ ማሸት፥ ከዚያም በጣቶች መካከል ያለውን አድርቆ ተረከዙን በቫዝሊን ሞልቶ በጥጥ ካልሲ ማደር ነው። በምላጭ መቍረጥ ፈጽሞ አይገባም። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው እግሩ ስለሚደነዝዝ ንቃቃቱ ሲመግል ላይሰማው ይችላልና በየማታው በዐይኑ ይመልከት፤ የማይታየውንም በመስተዋት ወይም በቤተ ሰብ ያሳይ። መቅላት፥ ማበጥ፥ መግል ወይም ትኵሳት የታየበት ሁሉ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

በቀይ አፈር በሚታወቁት የደጋ አውራጃዎቻችን ደግሞ የተሰነጠቀ እግር ሌላ መዘዝ አለው። በባዶ እግር ለብዙ ዓመት የሚያርሱ ገበሬዎች በሚይዛቸው፥ ከወባ ትንኝ ወይም ከሌላ ነፍሳት ባልመጣ የዝሆኔ በሽታ፥ ከእሳተ ገሞራ አለት የተገኘው አፈር ደቃቅ ቅንጣት በእግር ቆዳ ዘልቆ ይገባል። ይህን ምክንያት በ1970ዎቹ ዓመታት በሰፊው የመረመሩት በኢትዮጵያ ሲሠሩ የነበሩት እንግሊዛዊ ሐኪም ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። ከሕፃንነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ በሽታውን ይከላከላል፤ የያዛቸውም ሰዎች ሕክምና ባመዛኙ የቆዳ እንክብካቤ ነው፤ መዘፍዘፍ፥ በሳሙና ማጠብ፥ ቫዝሊን መቀባት፥ ጫማ ማድረግ። በሰሜን ኢትዮጵያ በእነዚህ ሕመምተኞች ላይ የተደረገና በ2017 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፥ በመዘፍዘፊያው ውሃ ላይ ከመቶ 2 እጅ ግሊሰሪን መጨመር የቆዳውን ግንብ ይበልጥ እንደሚያጠነክረው አረጋግጧል። ይህም ማለት ለ1 ሊትር ውሃ 20 ሚሊሊትር ያህል ነው፤ የየትኛውንም ቤተ ሰብ ኪስ የሚጐዳ ወጪ አይደለም።

የሕፃናት ቆዳ ከአዋቂ ቆዳ ይልቅ ስስ ስለሆነ ውሃው ቶሎ ይሸሻል። አጥቦ ወዲያው መቀባት ለእነርሱም ይስማማል። አዲስ በተወለደ ሕፃን እትብት ላይ ግን ቅቤም ሆነ እበት፥ ወይም ሌላ ማንኛውም የቤት ቅባት አይደረግም። መንጋጋ ቈልፍ የሚባለው ገዳይ በሽታ በዚህ በኩል ይገባል። እትብቱ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ይጠበቅ፤ ሐኪም ያዘዘው ነገር ካለ እርሱ ብቻ ይደረግ።

በመጨረሻ ስለ ገበያው ቅባት አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በነፋስ የጠቈረና የሻከረ ፊቱን ለማሳመር የሚፈልግ ሰው፥ ከሱቅ ስሙ ያማረ «የሚያቀላ» ቅባት ገዝቶ ይገባል። ከእነዚህ በአንዳንዶቹ ውስጥ ኵላሊትን የሚጐዳ ሜርኩሪ ይገኛል፤ በ2013 ዓ.ም. የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት እንዲህ ያሉትን ቅባቶች መሥራትና መነገድ ከ2020 ዓ.ም. በኋላ እንዲቀር የወሰነው በዚሁ ምክንያት ነው። በሌሎቹ ሃይድሮኪኖን አለ፤ ለረዥም ጊዜ የተቀቡት ሰዎች ፊት ይቀላል ሲባል የባሰ ይጠቍራል። በብዙዎቹም ውስጥ ስቴሮይድ የሚባለው መድኀኒት ሐኪም ሳያዝዝ ይገባል። ይህ መድኀኒት ማሳከክን በሁለት ቀን ስለሚያስታግስ ተአምረኛ ይመስላል፤ ሲቈይ ግን ያንኑ ሊጠገን የነበረውን ስስ ግንብ ያሳሳዋል፤ ፊት ላይ የደም ሥር ይታያል፥ ብጕር ይበዛል። ለብዙ ወራት ሲቀባ የቆየ ሰው በድንገት ቢያቆመው ፊቱ ሊቃጠልና ሊያብጥ ስለሚችል፥ ዕቃውን እንደ ያዘ ወደ ቆዳ ሐኪም ሄዶ የሚቀንስበትን መንገድ ይጠይቅ።